ሦስት የቀሩ ሥሮች

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሮማን፣ ታቢታ ወደምትሠራበት መሥሪያ ቤት መጥታ በመስኮቱ በኩል «ቅዳሜ ይፈታሉ» ስትላት፣ ታቢታ መጀመሪያ ትዝ ያላት አበባው ነው። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ እሰይ ይላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እሷ ግን ጣቶቿን ከጽሕፈት መኪናው ላይ ሳታነሳ «የዚህ ቅዳሜ?» ብላ ጠየቀች፤ ቀኑ ለምን ቀረበ የምትል ነበር የምትመስለው። ሮማን ሌላ ነገር ጠብቃ ኖሮ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

የሚፈቱት የሮማን አክስት ሲስተር ብርሃነሽ ናቸው፤ ለታቢታ ደግሞ አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤት። በአዲስ ከተማ ሰፈር እሳቸው መርፌ ያልወጉት ልጅ፣ ያላዋለዷት እናት ተፈልጎ አይገኝም። የሚያመልኩበት ጸሎት ቤት ታሽጎ የቀበሌ መጋዘን ከሆነ ወዲህ ሰው ቤታቸው እየሰበሰቡ ያስጸልያሉ ተብለው በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ ተያዙ። አብረዋቸው ከሚጸልዩት አንዷ ታቢታ ነበረች። አሁን ሰኔ ነው፤ አሥራ አንድ ወር ሆናቸው።

ከመያዛቸው አንድ ሳምንት በፊት፣ እንደሚመጡባቸው ስለገባቸው፣ በአጥሩ ላይ አንድ የሸክላ ማሰሮ ለታቢታ አቀበሏት። ከውስጡ ወፍራም ቅጠል ያለው፣ ነጭ አበባ በቀጭን ዘንግ ላይ የደረደረ ተክል ወጥቷል። ዘጠኝ ዓመት አብራቸው የሠራች የውጭ አገር ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ትታላቸው የሄደችው ነው። ኦርኪድ ይባላል።

«አፈር የለውም፤ ያለበት የዛፍ ቅርፊት ነው» አሏት። «በሳምንት አንዴ፣ ያውም ቅርፊቱ ሲደርቅ፣ ውሃ ታጠጪዋለሽ። ከዚያ ተይው። ይሄ መተውን ይወዳል።»

ታቢታ የቱላ ገጠር ልጅ ናት። እናቷ በየማለዳው እበት እያፈሰች እንሰቷ ሥር ስታለብስ አይታ ነው ያደገችው፤ እንሰት የተንከባከበውን ያውቃል፣ እበት የበላ እንሰት ቤተሰብ ያጠግባል። መተውን የሚወድ ተክል ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም እሺ አለች።

ሲስተር ብርሃነሽ በተያዙ በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ተጠራች። ካድሬው ወንበር እንኳ አላቀረበላትም። «ብርሃነሽን ታውቂያታለሽ?» አላት።

«በዓይን ካልሆነ አላውቃትም» አለች።

አንቱታውን እንኳ አስቀረችው። በተስቦ ወድቃ የገዛ እህቷ እንዳይጋባባት ስትሸሻት፣ አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ አጥሚት በማንኪያ ያጠጧትን፣ ላቧን የጠረጉትን ሴት በዓይን ካልሆነ አላውቃትም አለች። ቃሏን ጻፉት፤ ፈረመች። ከበሩ ስትወጣ ደስ አላት። የሚያሳፍራት መፈረሟ ብቻ አልነበረም፤ ይህች ደስታም ናት። ፀሐዩ አምሮባት፣ መንገዱ ሰፍቶላት፣ አምልጫለሁ እያለች ቤቷ ገባች። አበባው መስኮቱ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

እስር ቤት ስንቅ የሚያስገባ ሰው በር ላይ ስሙንና ዝምድናውን ያስመዘግባል። ታቢታ ለምዝገባ የሚሆን አፍ አልነበራትም። ሮማን በየሐሙሱ ሳህኗን በጨርቅ ቋጥራ በደጇ ስታልፍ መጋረጃ ታወርድ ነበር። የሐሙስ ስንቅ በሄደ ቁጥር ታቢታ አንድ ጣሳ ውሃ ትቀዳና አበባው ላይ ታፈሳለች። መጀመሪያ ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ኋላ ሲስተር ብርሃነሽ ትዝ ባሏት ቁጥር ሆነ፤ ትዝ የማይሉባት ቀን ደግሞ አልነበረም። በጥር ወር ቱላ ወርዳ ስትመለስ ከእናቷ ጓሮ በፌስታል እበትና ጥቁር አፈር ይዛ መጣች። ያን ደረቅ ቅርፊት አራግፋ ጣለችው፤ እንግዳ በጭራሮ ላይ ማስተኛት መስሎ ታይቷታል። ለሲስተር ብርሃነሽ ያልደረሰው ምግብ ሁሉ ለአበባው ደረሰ።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ወጥታ ቤቷ ስትገባ መጋረጃውን ገልጣ አየችው። አበባው ከረገፈ ቆይቷል። ቅጠሎቹ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሰዋል፤ የታችኛውን ነካ ብታደርገው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ፤ መጨረሻው ቡናማና እርጥብ ነው። ታጥቦ ሳይሰጣ የከረመ ልብስ ይሸታል። ቅዳሜ ደግሞ ይመጣሉ። ምን ይዛ ፊታቸው ትቆማለች?

ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል አትክልት የሚይዙ ወልደጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምታ ነበር። ማክሰኞ አስፈቅዳ ወጣች። ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ሥራ ሠራች። እበቱንና አፈሩን ዝቃ አወጣች፣ ማሰሮውን አጠበች፣ ከግቢዋ ዛፍ ቅርፊት ልጣ ከተተችበት። ታይፒስት ሆና፣ ጥፍሯን ቀብታ፣ ኦርኪድ ላይ እበት የጫነች የገጠር ልጅ መባል አልፈለገችም። በዘንቢል አድርጋ፣ ላዩን በሻርፕ ሸፍና ሄደች።

አባባ ወልደጻድቅ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ጎንበስ ብለው ቅጠል ሲጠርጉ አገኘቻቸው። ከሾላው ግንድ ላይ ስድስት ኦርኪዶች በሽቦ ታስረው ተሰቅለዋል፤ እሷ የምታውቀውን ዓይነት ነጭ አበባ ያወጣም አለ። ሽማግሌው ሰላምታዋን በግማሽ ጆሮ ሰምተው ሻርፑን ገለጡት።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

ቅጠሉን ገልበጥ አድርገው አዩ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ፊታቸውን ቋጠሩ። «በየስንት ቀኑ ታጠጪዋለሽ?»

«በሳምንት አንዴ» አለች ታቢታ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ቅርፊቱ ሲደርቅ።»

«ሁልጊዜም በቅርፊት ነው የነበረው?»

«አዎ።»

«እኔ ውሃ የገደለው መስሎኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «በሳምንት አንዴ እየጠጣ፣ በቅርፊት ተቀምጦ እንዲህ ከሆነ ግን የውሃ ነገር አይደለም። በሽታ ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚጋባ። የኔን ስድስቱን ሳይጨርስብኝ ይቃጠል።» ማሰሮውን አንስተው ከሚጨሰው የቅጠል ክምር ጎን አስቀመጡት። «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

ታቢታ አመስግና ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። በመንገዷ ላይ ለሲስተር ብርሃነሽ የምትለውን አሰናዳች። በሽታ ያዘው፣ የሆቴሉ አትክልተኛ ራሳቸው አይተው አረጋገጡ፣ ቢጠይቋቸው ይነግሩዎታል። ውሸት የለበትም ማለት ይቻላል። ሐይቁ ላይ ፀሐይ ወጥቷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ደስ አላት።

በሩ ላይ እግሯ ቆመ። ይህችን ደስታ ታውቃታለች። አምና ከቀበሌው በር ስትወጣ አብራት የወጣችው ናት፤ ያችው ናት፣ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ታቢታ ብቻዋን ቆማ ፊቷ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ተመለሰች። ሽማግሌው ክምሩን በእንጨት እየቆሰቆሱ ነበር።

«አባባ፣ በየቀኑ ነው።»

«ምኑ?»

«ውሃው። አንዳንድ ቀን ሁለቴም አጠጣዋለሁ።»

ቀና ብለው አዩዋት።

«እበትም ነበረበት። የላም እበት። እናቴ ጋ ቱላ ሄጄ ያመጣሁት። ዛሬ ነው አውጥቼ ቅርፊት የከተትኩበት።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ እንጨቱን ጥለው። «ይሄ እንሰት መሰለሽ? ቆጮ ልታወጪለት ነው?» መልስ አልጠበቁም። «ቆይ፣ እሳት ውስጥ ልከተው እኮ ነበር! ለምን ዋሸሽኝ?»

«አፍሬ።»

«እኔን? አሥሩም ጣቴ ጭቃ የሆነውን ሰውዬ?»

ታቢታ ዙሪያዋን አየች። ሰው የለም፤ ከውሃው ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ ወፎች ብቻ ቆመዋል። «የኔም አይደለም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባለቤቱ ታስረዋል። ስንቅ አላደረስኩላቸውም። እሱን እያጠጣሁ…»

ሽማግሌው ማን እንደሆኑ፣ በምን እንደታሰሩ አልጠየቁም፤ በዚያ ዘመን ያለመጠየቅ ትልቅ ጨዋነት ነበር። ማሰሮውን ከክምሩ ጎን አንስተው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ከዚያ ጣሳ ውስጥ ምላጭ አለ፤ አምጪው» አሏት።

ተክሉን ከነሥሩ ስበው አወጡና በባልዲ ውሃ አጠቡት። ከዚያ እጇን ይዘው ሥሩን አስጨበጧት። አንዱ በጣቶቿ መሃል ተንሸራቶ ልጣጩ እጇ ላይ ቀረ፤ ውስጡ ቀጭን ክር ነው። «ይሄ ሞቷል» አሉ። ሌላው እንደ ጥሬ ፎሶልያ ጠጠር አለባት። «ይሄ ደኅና ነው። ዓይንሽን አትመኚ፣ ተጭነሽ እወቂ። የላላውን ሁሉ ቁረጪ።»

«እኔ ነኝ የምቆርጠው?»

«ታዲያ ማን አበሰበሰው?»

ምላጩን በእሳት አስነክተው ሰጧት። ቆረጠች። ሃያ አምስት የሚሆን ሥር ነበረው፤ ስትጨርስ ሦስት ቀረ። ሽማግሌው መሃሉን፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን ልቡን፣ በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው አዩት፤ እዚያ አልደረሰም። ከሆቴሉ ወጥ ቤት ለሻይ የተፈጨ ቀረፋ ለምነው አመጡና ቁስሉ እንዲደርቅ የተቆረጠበትን ጫፍ ጫፉን ነሰነሱበት፤ ደኅናውን ሥር እንዳይነካው እየተጠነቀቁ።

«ይሄ ተክል እትውልድ አገሩ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚኖረው» አሉ እየነሰነሱ። «ሥሩ እንደሚጠጣው ሁሉ ይተነፍሳል። አንቺ አፍነሽ ይዘሽ ብላ፣ ጠጣ አልሽው። እስከ ዓርብ ራቁቱን በጥላ ይዋል። ዓርብ ቅርፊትና የከሰል ስብርባሪ ውስጥ አስቀምጪው። ከዚያም አንድ ሳምንት ጠብታ ውሃ እንዳታስነኪው።»

«ሌላስ ምን ላድርግለት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«እጅሽን ሰብስበሽ መቀመጥ ትችያለሽ?»

አለመቻሏን ያወቀችው ረቡዕ ነው። ከሥራ ገብታ ጣሳውን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ አነሳች። አሥራ አንድ ወር ጸጸቷን የምታፈስበት ቦታ ነበራት፤ አሁን ተዘጋባት። ሐሙስ ማለዳ አጥሚት አፈላች፣ በፔርሙስ ሞላች፣ እስር ቤቱ በር ድረስ ሄደች። ሰልፉ ውስጥ ሮማን ከፊት ነበረች። መዝጋቢው እያንዳንዱን ሰው ቀና ሳይል «ምን ትሆኛታለሽ? ምን ትሆነዋለህ?» ይላል። ከታቢታ ፊት አራት ሰው ሲቀር ዘወር ብላ ወጣች። ቅዳሜ ለሚፈቱ ሴት፣ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ያንን እንኳ አልቻለችም። አጥሚቱን ቤቷ ገብታ ራሷ ጠጣችው። እንደ እሳቸው አጥሚት አልጣፈጠም።

ዓርብ ጠዋት ተክሉን በቅርፊትና በከሰል አስቀመጠችው። ከሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ሂስና ግለ ሂስ ነበር፤ ተራው የእሷ ሆነ። ቆማ «ጓዶች፣ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ አርፍጃለሁ» አለች። ተጨበጨበላት።

ቅዳሜ ሲስተር ብርሃነሽ ገቡ። ቀበሌው በግቢያቸው በር ላይ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጎልማሳ ከትምህርት ቤት ጠረጴዛ ጋር አስቀምጧል፤ የሚገባውን ሁሉ ይመዘግባል። ታቢታ ሰው እስኪቀንስ ጠብቃ፣ ማሰሮዋን በሻርፕ ሸፍና ደረሰች።

«ስም?»

«ታቢታ ኩማ።»

«ምን ትሆኛታለሽ?»

«ጎረቤት» አለች። ጻፈ። ገባች።

ሲስተር ብርሃነሽ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ያ ሰፊ ትከሻቸው ከቀሚሱ ውስጥ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ፀጉራቸው ነጥቷል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ አንገቷን አቅፈው ደጋግመው ሳሟት። እንግዶቹ አንድ በአንድ ተሰናብተው ወጡ። ያኔ ሻርፑን ገለጡና ተክሉን እንደ በሽተኛ አገላብጠው አዩት። ቅርፊቱን ገፋ አድርገው አንዱን ሥር በጣታቸው ጫን አሉ።

«ማነው ያከመው?»

«አባባ ወልደጻድቅ፣ የሆቴሉ አትክልተኛ።»

«እጃቸው ይባረክ። ስንት ቀረለት?»

«ሦስት።»

«ሦስት ይበቃዋል» አሉ። ከዚያ «ሮማን፣ በሩን ገርበብ አድርጊልኝ» ብለው ወደ ታቢታ ጠጋ አሉ። «ይቺን ነገር ለራስሽ እስክነግርሽ ቸኩዬ ነው የመጣሁት። ስለ አንቺ መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነበር። ለጸሎት ትመጣ ነበር ወይ አሉኝ። በዓይን ካልሆነ አላውቃትም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ዋሽቼ አላውቅም። በማግስቱ ያንቺን ወረቀት አምጥተው አነበቡልኝ፤ በዓይን ካልሆነ አላውቃትም ይላል! ቃል በቃል! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ወዲያ ስምሽን አንስተውት አያውቁም።» የታቢታን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ስንቅ ይዘሽ ብቅ ብትዪ ሁሉም ይፈርስ ነበር። በየሐሙሱ ሳትመጪ ስትቀሪ፣ ጎበዝ፣ ገብቷታል እል ነበር። እዚያ ውስጥ ስንቄ ይቺ ነበረች፤ አንዲት ልጅ አትርፌያለሁ እያልኩ ነው ያደርኩት።»

ታቢታ አንገቷን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ማንም አያውቅም፤ ወደፊትም አያውቅም። ያቺ ደስታ ከሆዷ ሥር ብቅ ስትል ተሰማቻት፤ በሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«ሲስተር፣ ገብቶኝ አይደለም» አለች። «ፈርቼ ነው።»

«ያልፈራ ማን አለ፣ ልጄ።»

«እንደሱ አይደለም። እርስዎ ምን እንዳሉ አላውቅም ነበር። አውቃታለሁ ብለው ቢሆን ኖሮ የኔ ቃል ውሸታም እንደሚያደርግዎ አስቤ ነበር። እያሰብኩት ነው የፈረምኩት። ሐሙስም አጥሚት ይዤ በሩ ድረስ መጥቼ ነበር። ተመለስኩ።»

የሲስተር ብርሃነሽ እጅ ከእጇ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሮማን በሩ አጠገብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይህን ባትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ ሲስተር ብርሃነሽ፤ በቁጣ አልነበረም፣ የምር ጥያቄ ነበር።

ታቢታ የአሥራ አንድ ወር ስንቃቸውን ከአፋቸው ነጥቃ እንደበላች ገባት። እንባዋ እየወረደ ለመጥረግ እንኳ አፈረች።

«በየስንት ቀኑ ነበር የምታጠጪው?»

«በየቀኑ። እበትም አድርጌበት ነበር።»

ከሲስተር ብርሃነሽ ጉሮሮ አንድ ነገር ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየም። ማሰሮውን ወደ ታቢታ ገፋ አደረጉት። «ውሰጂው። ለአሁኑ እሱን የማስታምምበት አቅም የለኝም። ሲያብብ ታመጪልኛለሽ።»

«ከሞተስ?»

«ከሞተም ራስሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ሲሸኟት የሚስሟት ግንባሯን ነበር። ዛሬ አልሳሟትም። ታቢታ ማሰሮውን አቅፋ ወጣች፤ ሻርፑ አልጋው ላይ ቀርቷል፣ ለመመለስ አልደፈረችም። ግቢውን እስክታቋርጥ ሦስቱ ሥር፣ ሁለቱ ቅጠል ለዓለም ሁሉ ይታይ ነበር።

በሩ ላይ ጠባቂው መዝገቡን እየገለጠ ያዛጋል። አለፈችው። አምስት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«ቅድም ያስመዘገብኩት ይስተካከልልኝ።»

«ምኑ?»

«ጎረቤት ያልኩት። በተስቦ ስታመም አሥራ ስድስት ቀን ያስታመሙኝ ናቸው። ቤታቸውም እመጣ ነበር፤ አብሬያቸው እጸልይ ነበር። ይጻፍ።»

ሰውየው መዝገቡን አየ፣ እሷን አየ፣ ያንን ግማሽ የሞተ ተክል አየ። «እዚህ ላይ ያን ሁሉ የሚይዝ ቦታ የለም» አላት። «ጎረቤት ይበቃል፣ ሂጂ።»

ታቢታ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እስኪጽፈው ድረስ ቆመች።